የግንቦት ወጥመድ

ለእህቴ፣

ይህን ፖስታ ስትከፍቺ ሰው ሞተ ብለሽ እንዳትደነግጪ። ማንም አልሞተም። ገና በመጣ ቁጥር ከምንለዋወጠው ካርድ በቀር ተጻጽፈን ስለማናውቅ፣ በግንቦት ወር የእኔን እጅ ጽሑፍ ስታዪ ምን እንደሚሰማሽ ገብቶኝ ነው አስቀድሜ መንገሬ። ለመሆኑ እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? ባለፈው ካርድሽ ላይ «ደረጃ ስወጣ ትንሽ ያመኛል» ብለሽ ነበር፤ አንቺ ትንሽ ካልሽ ብዙ ነው ማለት እንደሆነ እኔ አውቃለሁ። ኦሪገን ዝናቡ አያባራም ይላሉ። ብርዱን እንዴት ቻልሽው? መቼም እስካሁን ካፖርት ሳትገዢ አትቀሪም።

እኛ ደህና ነን። ኦርቪል ከጣሪያ ሥራው ጡረታ ከወጣ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ጣሪያ ላይ መውጣቱን ግን አልተወም። ስድሳ አራት ዓመት ሞልቶት መሰላል ሲያይ አሁንም እግሩ ይቁነጠነጣል። እኔም ከአንድ ነገር በቀር ደህና ነኝ። እሱን ልነግርሽ ከተቀመጥኩ ሦስተኛ ቀኔ ነው፤ እየጻፍኩ እቀዳድዳለሁ።

ነገሩ የተጀመረው በራኩን ነው። አባባ በቆሎውን እየጨረሱበት ከጠዋት እስከ ማታ ሲረግማቸው የነበሩትን፣ ዓይናቸው ላይ ጥቁር ጨርቅ ያሰሩ የሚመስሉትን፣ ድመት የሚያካክሉ የዱር ሌቦች መቼም አልረሳሻቸውም። ዘንድሮ ከተማውን ወርረውታል። የቆሻሻ በርሜሉ ክዳን ላይ ድንጋይ ብንጭን በዚያ የሕፃን እጅ በሚመስል እጃቸው ድንጋዩን አውርደው ይከፍቱታል። የፓስተሩ ቤት ኩሽና ገብተው ለለቀስተኛ የተዘጋጀ ኬክ ጠርገው በልተዋል። ሰው ሁሉ «ኦርቪልን ጥሩ» ይላል፤ የእሱን ያህል የራኩን ጠባይ የሚያውቅ እዚህ ወንዝ ዳር የለም። ይህ ዝናው ነው ለጣጣ የዳረገኝ።

ከጎናችን ያለውን የድሮውን የሐኪም ቤት አንዲት ዴልፊን የምትባል ሴት ገዝታዋለች። ሁለት ባል ቀብራለች። ሃምሳ አራት ዓመቷ ነው፤ እሷ ሃምሳ ነው የምትለው። ስትስቅ ሳቋ አጥር ዘልሎ እኔ ኩሽና ድረስ ይገባል። ሚያዝያ መጨረሻ ላይ አንድ ጠዋት ቁርስ ላይ እያለን፣ ሊጥ የነካ እጇን እንኳ ሳትታጠብ በጓሮ በር ብቅ ብላ «ኦርቪ! ድረስልኝ፣ ኮርኒሴ ላይ ሰው ይሄዳል!» አለች። ኦርቪ! ሠላሳ አራት ዓመት አብሬው ስኖር እኔ ስሙን አሳጥሬ አላውቅም። እሱም እንቁላሉን እንደ ጀመረው ትቶ ተነሣ።

ተመልሶ ሲመጣ ፊቱ በርቷል። «እናት ናት። አራት ልጅ ወልዳ ጭስ ማውጫው ሥር አስተኝታቸዋለች፤ ዓይናቸው ገና መከፈቱ ነው» አለኝ። ወጥመድ ይዘህ ሂድና ጨርሰው አልኩት። እንደ እንግዳ ሰው አየኝ። እዚህ አገር በግንቦት እናት እንደማትጠመድ የማያውቅ የለም፤ አንቺም ታውቂያለሽ። እናቲቱ ከተያዘች ልጆቹ እላይ ቀርተው በረሃብ ያልቃሉ። ኦርቪል የሚያደርገው ሌላ ነው፤ ራዲዮ ያስቀምጥና የአሳማና የበቆሎ ገበያ የሚያወራውን ጣቢያ ቀኑን ሙሉ ይከፍትባታል፤ አፍንጫ የሚሰነጥቅ አሞኒያ ውስጥ የነከረውን ጨርቅ ከጎን ያኖራል። «ሁልጊዜ ሌላ ጎሬ አላት» ይላል። «አታስቸኩሏት እንጂ ሲመርራት ልጆቿን አንድ በአንድ አንጠልጥላ በራሷ ጊዜ ትወጣለች። ከዚያ ቀዳዳውን በቆርቆሮ መድፈን ነው።»

በራሷ ጊዜ ያለው ዘጠኝ ቀን ሆነ።

ዘጠኙንም ቀን በመስኮት ሳይ ነው የዋልኩት። አንዱን መስኮት አራት ጊዜ ጠርጌዋለሁ፤ በዚያ በኩል ያለው መስታወት እንደ ዘንድሮ ጸድቶ አያውቅም። ራዲዮውን አስተካክላለሁ ብሎ ይሄዳል፣ ጨርቁን ልቀይር ብሎ ይሄዳል፣ ሲመለስ ሸሚዙ ላይ የእንጆሪ ፓይ ፍርፋሪ አለ። እኔ ፓይ የማልሠራ ይመስል! በስምንተኛው ቀን፣ ማክሰኞ ዕለት፣ ጢሙን ተላጨ። ከእሑድ በቀር የማይላጭ ሰው በማክሰኞ ምን አጣደፈው? ማታ ደግሞ እያንጎራጎረ ገባ። ዜማውን ታውቂዋለሽ። እኛ ቤት በነበርሽ ጊዜ ከእራት በኋላ አንቺ ሳህን እያጠብሽ እሱ እያደረቀ የምታንጎራጉሩት ነው። አንቺ ከሄድሽ ጀምሮ፣ ይኸው አሥራ ዘጠኝ ዓመት፣ ከአፉ ሰምቼው አላውቅም ነበር። እጄ ላይ የነበረውን ድስት ምድጃው ላይ እንዴት አድርጌ እንደጣልኩት አልነግርሽም።

በዚያው ቀን ዴልፊን አጥሩ ላይ ተደግፋ «ባልሽ እኮ ስጦታ ነው!» አለችኝ።

«አዎ፣ ለእኔ የተሰጠ» አልኳት።

እሷ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም።

አሁን ወደ ነውሬ ልምጣ። ረቡዕ ዕለት ኦርቪል ቀዳዳ መድፈኛ ቆርቆሮ ሊገዛ ፒክአፑን ይዞ ሄደ። ዴልፊን ጸጉሯን ልትሠራ ሄደች፤ ለማን እንደምትሠራው እንጃ። የምታጠባ ራኩን ስለሚርባት በቀንም እንደምትወጣ አውቃለሁ፤ ቀትር ላይ በዴልፊን ጓሮ ዛፍ ወርዳ ስትሄድ ከመስኮቴ አይቻታለሁ። የኦርቪልን የሽቦ ወጥመድ ከጋራዡ ሚስማር አውርጄ ዛፉ ሥር አስቀመጥኩት። ውስጡም ያን ነጭ ለስላሳ ከረሜላ፣ ማርሽማሎውን፣ አደረግሁ፤ ዓሣ ያደረግሽ እንደሆነ የሰፈሩን ድመት ሁሉ ትይዣለሽ። ልብስ አስጥቼ ሳልጨርስ የወጥመዱ በር ሲዘጋ ሰማሁ።

ሽቦውን በሁለት እጇ ይዛ ቆማ አየችኝ። አልጮኸችም፣ አልነከሰችም። ጡቷ ዙሪያ ጸጉሩ ተመልጦ ቆዳው ይታያል። አላየሁም ብዬ አልዋሽሽም፤ ቁልጭ አድርጌ አይቻለሁ። ግንቦት መሆኑንም አልረሳሁም። በልቤ የነበረው አንድ ነገር ብቻ ነው። ራኩኗ ከሌለች ምክንያት የለም፤ ምክንያት ከሌለ ባሌ ቤቱ ይውላል። ብርድ ልብስ አልብሻት በመኪናዬ ጫንኳትና በድልድዩ ወንዙን ተሻግሬ ኬንታኪ ገባሁ። ከድሮው የሸክላ ፋብሪካ ጀርባ፣ ጫካው አፍ ላይ ለቀቅኳት። ትሮጣለች ስል ቆም ብላ ዞረችና በመጣንበት በኩል ወንዙን አየች። እኔ ቀድሜያት ሄድኩ።

በማግስቱ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ የልጆቹ ለቅሶ ከዴልፊን ኮርኒስ እኛ ጓሮ ድረስ ተሰማ። እንደ ወፍ ጫጩት ነው የሚያለቅሱት፤ ፋታ የለውም። ኦርቪል መሰላሉን እየሮጠ ወጣ። ሲወርድ አራቱን በኮፍያው ይዟቸዋል። «እናታቸው የለችም። ምን አገኛት?» አለ። እኔ መኪና ገጭቷት ይሆናል አልኩ። በዚህ አፌ።

የሆነው ግን ካሰብኩት ተቃራኒ ነው። ቡችላ የሚጠጣውን ወተት ገዝተው በዓይን ጠብታ ማንጠባጠቢያ በየአራት ሰዓቱ ማጥባት ጀመሩ። ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ አንዱ ይይዛል፣ አንዱ ያጠባል። ድሮ በቀን አንዴ ሁለቴ ይሄድ የነበረው ሰው አሁን ጠዋት ገብቶ ለምሳ እንኳ አይመጣም። ባሌን ከቤቷ አወጣለሁ ብዬ ጠቅልዬ አስገባሁላት።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ አልቻልኩም፤ ሳላንኳኳ ገባሁ። ሁለቱ ኩሽናው ወለል ላይ ካርቶኑ ዙሪያ ተንበርክከዋል፤ ራስ ለራስ ሊነካኩ ምንም አልቀራቸውም። ኦርቪል አንዷን በመዳፉ አስተኝቶ በትንሽ ጣቱ ሆዷን ያሻል። እኛ ልጅ እንዳላገኘን ታውቂያለሽ። እነዚያ እጆች ሕፃን ሲይዙ እንዲህ እንደሚሆኑ አላውቅም ነበር፤ ያየሁት ደግሞ በሌላ ሴት ኩሽና ውስጥ ነው። ምን እንዳልኩ ሁሉንም አላስታውስም። «ለእኔ እንዲህ ተንበርክከህልኝ ታውቃለህ?» ማለቴን አስታውሳለሁ። እሷን ያልኳትን አልጽፈውም፤ ፖስተኛው ያፍርብኛል።

ዴልፊን ማንጠባጠቢያውን አስቀመጠች። «አንቺ ሴትዮ፣ ጤና የለሽም?» አለችኝ። «ሁለት ባል ታምመው አስታምሜ ቀብሬያለሁ። ገና አሁን ሶፋው ላይ እግሬን ዘርግቼ መተኛት ስጀምር፣ ሬንጅ የሚሸት፣ ስለ አሸንዳ ብቻ የሚያወራ ሦስተኛ ሽማግሌ አምጡልኝ ያልኩ መሰለሽ? ውሰጂው! አሁኑኑ ይዘሽው ሂጂ!»

ኦርቪል ከተንበረከከበት ቀና ብሎ «ስለ አሸንዳ ብቻ አላወራም» አለ።

በሌላ ቀን ቢሆን ሁላችንም እንስቅ ነበር። እሱ ግን ተነሣና ካርቶኑን አቀፈ። «ነይ፣ መኪና ውስጥ ግቢ። የት እንዳደረግሻት ታሳይኛለሽ» አለኝ። ማንን አልኩት። «ወጥመዱን በሩን ወደ ውጭ አድርገሽ ነው የሰቀልሽው። እኔ ሁልጊዜ በሩን ወደ ግድግዳ ነው የማደርገው» አለ። ትናንት ጠዋት ነው ያየው። አንድ ቀን ተኩል እያወቀ፣ እኔ እንድናገር ሲጠብቅ ነበር።

ድልድዩን ስንሻገር ልጆቹ ጭኔ ላይ ካርቶኑን ይቧጥጣሉ። የለቀቅኩበትን ቦታ ሳሳየው ወደ ጫካው አልሄደም፤ ቀጥ ብሎ ወደ ወንዙ ወረደ። «እናት ከሆነች እዚህ ነው የምትሆነው» አለኝ። ጭቃው ላይ ዱካዋ ነበር። የሕፃን መዳፍ የሚመስለው እጇ፣ ከውሃው ጠርዝ ጠርዙን እየሄደ፣ እየተመለሰ፣ እየሄደ፣ እየተመለሰ። መሻገሪያ ስትፈልግ ሁለት ቀን ውላ አድራለች። እህቴ፣ እንደ ልጅ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ካርቶኑን ከዱካው አጠገብ አስቀምጠን ፒክአፑ ውስጥ ሆነን ጠበቅን። ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም። ልጆቹ ሲጮኹ አንድ ሰዓት፣ ሁለት ሰዓት አለፈ። በመጨረሻ ቁጥቋጦው ተነቃነቀና እናቲቱ ከስታ ብቅ አለች። ካርቶኑን አሸተተች፤ የመጀመሪያዋን በማጅራቷ አንጠልጥላ ወደ ጫካው ገባች። ቆይታ ተመለሰች፤ ሁለተኛዋን ወሰደች። ኦርቪል መሪውን እንደያዘ፣ ፊቱን ወደ እኔ ሳያዞር፣ ድምፁንም ከፍ ሳያደርግ፣ «በመኪናሽ ወንዙን ያሻገርሻት ይቺ ሁለተኛዋ ናት፣ አይደል?» አለኝ።

ያን የኅዳር ጠዋት አንቺም አልረሳሽውም። በዚያው ድልድይ ወደ አውቶቡስ ጣቢያው ስወስድሽ መኪና ውስጥ «ኦርቪል አፍሮ ነው እንጂ ቤቱ ሰው ሲበዛበት ሰልችቶታል፤ ሀዘንሽን ስላከበረ ዝም ብሎ ነው» አልኩሽ። ባልሽን ከቀበርሽ ስድስት ወር እንኳ አልሆነሽም ነበር። አንቺ ሻንጣሽን ጭንሽ ላይ አጥብቀሽ ያዝሽ። እሱን ደግሞ «ኦሪገን ሥራ አግኝታ ሄደች፤ ስንብት ስለማትወድ ሳትሰናበትህ ሄደች» አልኩት። ሁለቱንም የፈጠርኩት እኔ ነኝ። ኦርቪል እንደዚያ ብሎ አያውቅም፤ አስቦም አያውቅም። ከሰኔ እስከ ኅዳር ኩሽናው በር ላይ ስደርስ ሁለታችሁ ስትስቁ ቆይታችሁ ዝም ስትሉ፣ ያ ዝምታ ነው ያሳበደኝ። ቢጫ ቀሚስሽን ለብሰሽ ነበር የምትስቂው።

ከመቼ ጀምሮ ታውቃለህ አልኩት። «ከዚያው ሳምንት» አለኝ። «ካፖርቷ ላይኛው ክፍል በር ጀርባ ተሰቅሎ ነበር። ሥራ አግኝቶ በኅዳር ኦሪገን የሚሄድ ሰው ካፖርቱን ጥሎ አይሄድም። ትነግሪኛለሽ ብዬ ጠበቅሁ።» አሥራ ዘጠኝ ዓመት፣ እህቴ! ለራኩን ዘጠኝ ቀን የሚታገሥ ሰው መሆኑን አውቅ ነበር፤ ለእኔ ይህን ያህል እንደታገሠ ግን አላውቅም።

ሦስተኛዋን ወስዳ እስክትመለስ ያኔ ምን ያስቃችሁ እንደነበር ጠየቅኩት። «አንቺን ነበር የምታስመስለው» አለ። «ስትናደጂ ድስት ምድጃ ላይ የምታስቀምጪበትን።» አመንኩት? ግማሹን አመንኩት። የቀረውን ግማሽ አንቺን አልጠይቅሽም፤ መልሱንም አትጻፊልኝ። አራተኛዋ ከሁሉ ትንሿ ነበረች፤ እናቲቱ ለእሷ ስትመጣ ደክሟት መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ አስቀመጠቻት። ከገቡ በኋላም ብዙ ቆየን። ከዚያ ኦርቪል ሞተሩን አስነሥቶ «ወይ አንቺ ጻፊላት፣ ወይ እኔ እጽፍላታለሁ» አለኝ።

ይኸው ጻፍኩ። ደግ ሆኜ እንዳይመስልሽ። እሱ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ለአንቺ ቃል ሲመርጥ ማየቱን ስላልቻልኩ ነው። እንደዚህ ነኝ፤ ስድሳ ዓመት ሞልቶኝ አልለቀቀኝም። ግን የጻፍኩት ሁሉ እውነት ነው፤ ይቅርታሽንም የምለምነው ከልቤ ነው። ዴልፊን እንኳ ትናንት በአጥሩ በኩል ግማሽ ፓይ አቀብላኛለች፤ ሳህኑን ስትሰጠኝ «ለሁለት ሰው የሚበቃ ነው፣ ቆጥሬዋለሁ» አለችኝ። እንግዲህ ታረቅን መሰለኝ።

ካፖርትሽን ከሳጥን አውጥቼ ገመድ ላይ አስጥቼዋለሁ፤ ከአንድ ቁልፍ በቀር ምንም አልሆነም፣ ቁልፉንም ተክቼዋለሁ። በፖስታ ቤት ልልከው ነበር፤ ኦርቪል «አይሆንም፣ መጥታ ትልበሰው» አለ። ላይኛው ክፍል ተጠርጓል። ጉልበትሽ ደረጃ አልችልም ካለሽ ታችኛውን እለቅልሻለሁ። በፈለግሽ ጊዜ ነዪ፤ በፈለግሽ ጊዜ ሂጂ፤ እስክትሄጂ ድረስ ቀን አልቆጥርም። ሳህን ግን እሱ አያደርቅም። አንቺ ታጥቢያለሽ፣ እኔ አደርቃለሁ።

እግዚአብሔር ጉልበትሽን ያጽናልሽ፤ መንገድሽን ያቅናልሽ፤ ቂሙንም ከልብሽ ያንሣልሽ። እናታችን ብትኖር ኖሮ ይህን ደብዳቤ ከመጀመሪያው ዓመት ታስጽፈኝ ነበር።

ታላቅ እህትሽ

ማስታወሻ፦ ኦርቪል «እኔም ከሥር አንዲት መስመር ልጻፍላት» ብሎ ብዕሩን ጠይቆኝ ነበር። አልሰጠሁትም። ሰላም ብሎሻል።